እስከ የት ይሠራል?

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በቤቴ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ የሬዲዮ ቦርድ ተቀምጣለች። ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ምሽት አብሬያት አምሽቻለሁ። ሬዚስተሩ፣ ካፓሲተሩ፣ ትራንዚስተሩ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህለው ሁሉ አንድ በአንድ ቦታው ገብቷል፤ ተበይዷል፤ ትርፍ እግሩ ተቆርጧል። ባትሪውን ሰካሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ጭጭ።

ሬዲዮ ጣቢያ ባይዝ እንኳ ሽሽ ይላል። ይቺ ግን ሽሽ እንኳ አላለችም። ያን ጊዜ ውስጤ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። «ይሄ ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም» ይላል። ፈተና ስንወድቅ ይመጣል። የከፈትነው ሱቅ ደንበኛ ሲያጣ ይመጣል። በሰው አገር ቋንቋ ለመናገር ስንሞክር ምላሳችን ሲተሳሰር ይመጣል። ዛሬ ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ላወራችሁ የፈለግሁት፣ በዚያ ቅዳሜ አንድ ሰው በሦስት ቃል ስላፈረሰልኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። በቪዲዮ ደወልኩለት። እዚያ አመሻሽ ነው፤ ሱቁን ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል።

«አልሠራ አለኝ» አልኩት።

«እሺ ወንድም ጋሼ። እስከ የት ይሠራል?»

«አልሠራም እያልኩህ!»

«ሰማሁ። ጭስ የለም አይደል? የሞቀ ዕቃ የለም? እንግዲያው የሆነ ቦታ ድረስ እየሠራ ነው። ያችን ቦታ እንፈልጋት። ቴስተርህን አምጣ።»

ይህ ጥያቄ ሌላ የት የት እንደሚጠቅም ልነግራችሁ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ዕቃዋ ላውራ፤ ምክንያቱም ዕቃዋ ራሷ የምታስደስት ናት።

አማተር ሬዲዮ የሚባለው፣ ፈተና አልፈው ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩና ለትምህርቱ ብለው በአየር ሞገድ የሚገናኙበት ሥራ ነው። እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። ሞርስ ማወቅ ከ2007 ወዲህ ግዴታ አይደለም፤ እኔ ግን ሞርስን የተማርኩት ወድጄው ነው። ከአማተሮቹ መካከል ደግሞ በትንሽ ጉልበት ብቻ መላክን የመረጡ አሉ። ሥራቸውን ኪውአርፒ ይሉታል። ቃሉ በሬዲዮ ሰዎች አጭር ኮድ «ጉልበት ልቀንስ?» ወይም «ጉልበት ቀንስ» ማለት ነው። በሞርስ ሲሆን ልኩ 5 ዋትና ከዚያ በታች ነው።

5 ዋት ምን ያህል ነው? የድሮዋን ትንሿን የስልክ ቻርጀር አስቡ፤ 5 ቮልት፣ 1 አምፒር የሚል የተጻፈባት። ያው 5 ዋት ናት። በዚያች ጉልበት ነው ሰው ከስቴት ወደ ስቴት፣ ሰማዩ ሲመች ደግሞ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚነጋገረው።

«አይሆንም» ለሚል ሰው ሒሳቡን ላሳየው። የሬዲዮ ሰዎች የሚሰሙትን የምልክት ብርታት ከ1 እስከ 9 በሚሄድ መለኪያ ይናገሩታል። አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት ጉልበቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። እንግዲህ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የ100 ዋት ሬዲዮ ውሰዱና ለአራት አካፍሉት፤ 25። እንደገና ለአራት፤ 6 ከሩብ። ሁለት ደረጃ ብቻ ወረድን! ባለ 100 ዋቱ 8 ላይ ቢሰማ፣ ባለ 5 ዋቱ 6 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይሰማል። ጉልበቱ በሃያ እጅ አንሶ፣ ከወዲያ ያለው ጆሮ ግን በደንብ ይለየዋል። ይህን ሒሳብ መጀመሪያ በወረቀት የሠራሁት ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩት። «የእኔ አቅም ትንሽ ነው» ብዬ የተውኳቸው ነገሮች ሁሉ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ትንሽ መሆኑን በዓይኔ ገምቼ ነበር እንጂ ለክቼው አላውቅም።

ሰማዩም ያግዛል። ከምድር በላይ ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር አለ። 7 ሜጋኸርዝ ላይ የተላከ ሞገድ ወደዚያ ወጥቶ ጎብጦ ይመለሳል፤ ቀን በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ማታ ደግሞ በብዙ ሺህ። ሞርስም የራሱ ብልሃት አለው። የሰው ድምፅ በሬዲዮ ላይ ከ2 ሺህ ኸርዝ በላይ ስፋት ሲይዝ፣ ለሞርስ 200 ኸርዝ ስፋት ያለው ማጥሪያ ይበቃዋል። ጉልበትህ ትንሽ ከሆነ በጠባብ በር ሰብስበህ ትልከዋለህ። ከዚህ በላይ አልተነትነውም፤ ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ።

እነዚህን ሬዲዮዎች ሰው ገጣጥሞ የሚሠራው ከኪት ነው፤ ማለትም ባዶ ቦርድ፣ በከረጢት የተሞላ ዕቃና መመሪያ ይመጣለታል። ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዳግ ዲማው የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ መሐንዲስ ኪውኤስቲ በተባለው መጽሔት ላይ ሁለት ትራንዚስተር ብቻ ያላትን ማስተላለፊያ አሳተመ። የሠራባት አካል ባዶ የቱና ቆርቆሮ ነበረች! ጉልበቷ ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም፤ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ይሠሯታል። የሃይደራባዱ ህንዳዊ አሽሃር ፋርሃን ደግሞ ቢትኤክስ የተባለውን ሬዲዮ ሲነድፍ ያሰበው በአገሩ ገበያ የሚገኘውን ዕቃ ነው። ጥቅልል ሽቦ የሚጠመጠምባቸው የብረት ዱቄት ቀለበቶች እንደ ልብ አይገኙም ነበር። እሱ የቧንቧ ጎሚኒ ገዝቶ በዚያ ላይ ጠመጠመ። እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። የጎደለውን ዕቃ ሲቆጥር አልተቀመጠም፤ በሰፈሩ ሱቅ ያለውን ቆጠረ።

ስለ መጠምጠም ከተነሣ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል ለእኔ ቃል በቃል ነው የደረሰው። የኪት ሠሪ ሁሉ የሚፈራው ክፍል ጥቅልሉ ነው። የጣት ቀለበት የምታህል ክብ አለች፤ በእሷ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እያሾለኩ መጠምጠም ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ሽቦው በቀዳዳዋ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ይቆጠራል። ከውጭ የሚታየውን የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። አንድ ዙር ደግሞ ቀላል አይደለችም፤ የጥቅልሉ መጠን የሚያድገው የዙሩ ብዛት በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ 20 መሆን የነበረበት 21 ቢሆን መጠኑ ከመቶ አሥር ገደማ ያልፋል። ይህን አልረሳውም ብዬ ነበር። እንመጣበታለን።

የመዳቡ ሽቦ ደግሞ ራቁቱን አይደለም። እርስ በርሱ እንዳይነካካ በስሱ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ቫርኒሹ በምላጭ ካልተፋቀ ወይም በጋለ ካውያ ካልተቃጠለ እርሳሱ መዳቡን አይይዘውም። ዙሪያውን ያቅፈዋል እንጂ ውስጥ ለውስጥ አይገናኙም።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ።

ወንድሜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ባትሪውን አስነቀለኝና በቦርዱ የባትሪ መግቢያ ሁለት ጫፎች መካከል ሾርት መኖር አለመኖሩን አስለካኝ። የለም። መልሼ ሰካሁ። 12 ቮልት ቦርዱ ላይ ገብቷል። ቮልቱን ወደ 5 የምታወርደው ባለ ሦስት እግር ዕቃ መውጫ ላይ 5 ቮልት አለ። «አየህ» አለኝ፤ «እስከዚህ ይሠራል። ይህን ያህሉን አንተ ነህ የሠራኸው።» ቁጭ ብዬ ስናደድበት የቆየሁት ቦርድ ላይ የሆነ ነገር በደንብ እንደሠራሁ ሲነገረኝ፣ እውነቴን ነው፣ ጀርባዬ ቀና አለ።

ቀጥሎ ያደረገውን ልብ በሉ። ሬዲዮዋን ከመሐል ቆረጣት። በአንድ በኩል አንቴናው አለ፤ በሌላው በኩል ማዳመጫው። ምልክቱ ከዚያ ወዲህ ይጓዛል። ወንድሜ ከጫፍ ጀምሮ ሁሉንም ዕቃ በየተራ አልፈተሸም። «የድምፅ መቆጣጠሪያዋን መሐለኛ እግር በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ንካት፤ ጣትህ ብረቱ ላይ ይሁን» አለኝ። ነካሁ። እምምም የሚል ድምፅ ማዳመጫው ውስጥ ገባ! የሰው አካል ከቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር የሚለቅመው ድምፅ ነው። እንግዲህ ከዚያች እግር እስከ ጆሮዬ ድረስ ያለው ሁሉ ደህና ነው። በአንዲት ንክኪ የሬዲዮዋ ግማሽ ከጥርጣሬ ወጣ።

የቀረውን ግማሽ እንደገና ከፈልነው። ሬዲዮዋ የራሷን 7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ታመነጫለች ወይ? የአጭር ሞገድ ሬዲዮዬን ከጎኗ አስቀምጬ እዚያው ላይ አዞርኩት። ሽሽታው ቦታው ላይ ሲደርስ ድንገት ዝም አለ፤ ሞገዱ አለ ማለት ነው። አሁን የቀረው ከአንቴናው መግቢያ ጀምሮ፣ የገባው ምልክት ከዚህ ሞገድ ጋር እስከሚቀላቀልበት ያለው ትንሽ ሰፈር ነው። እዚያ ምን አለ? አንድ ጥቅልል። በአንድ ቀለበት ላይ አራት የተለያየ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ሁለት ምሽት የፈጀብኝ።

«ጫፍና ጫፉን በቴስተር ስማ» አለ ወንድሜ። አንደኛው ጮኸ። ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛው ዝም። አራተኛው ጮኸ።

ሦስተኛውን በማጉያ መነጽር አየሁት። ብየዳው ከሁሉም የሚያምር ነበር፤ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ። ቫርኒሹ ግን ከሥሩ አልተፋቀም። አቀለጥኩት፤ ሽቦውን ሳብኩ፤ በምላጭ መዳቡ እስኪቀላ ፋቅሁት፤ መልሼ በየድኩ። ባትሪውን ሰካሁ። ሽሽ አለ። ሽሽታው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ቲ-ታ ቲ-ታ። ወንድሜ በስልኩ ውስጥ ሰማው። ሱቁ ውስጥ የነበረ ደንበኛም ሰማ መሰለኝ፤ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል ይሰማኛል።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህንን ውሰዱ። «ለምን አይሠራም?» ስትሉ ዓይናችሁ በጠቅላላው ብልሽት ላይ ይተከላል፤ ብልሽቱም እናንተን ራሳችሁን እስኪመስል ያድጋል። «እስከ የት ይሠራል?» ስትሉ ግን ከሠራችሁት ትጀምራላችሁ፤ ቀጥሎም ጉድለቱ በአንድ ነጥብ ላይ ይወሰናል። ነጥብ ደግሞ ይጠገናል።

ወንድሜ ይህን የተማረው ከስልክ ብቻ አይደለም። ሱቁን የከፈተ ዓመት ገቢ አልነበረውም። ሰው ሁሉ «ቦታው አይሆንም፤ ልቀቅ» አለው። እሱ ደብተር ይዞ ለሁለት ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ቆጠረ። በሩ ላይ ስንት ሰው ይቆማል? ከቆሙት ስንቱ ዋጋ ይጠይቃል? ዋጋ ከጠየቁት ስንቱ ስልኩን ይተዋል? ሰው ይቆማል፤ ይጠይቃል፤ ግን ስልኩን አይተውም። ችግሩ ቦታው አልነበረም ማለት ነው። ሰው ስልኩን ለማያውቀው ልጅ ትቶ መሄድ ፈራ። ሥራውን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥቶ ደንበኛው ፊት ለፊት መጠገን ጀመረ። እኔም ሳላውቀው ያንኑ አድርጌ ነበር። ለፈቃድ ፈተናው ቤት ውስጥ ስለማመድ ደጋግሜ 22 እና 23 ላይ ተቀርቅሬ ነበር። ጥያቄዎቹ በአሥር ክፍል የተመደቡ ናቸው፤ ስህተቶቼን በየክፍሉ ብመድባቸው አብዛኞቹ ከሁለት ክፍል የወጡ ሆነው ተገኙ። ስምንቱን ክፍል እንደገና ማጥናት አላስፈለገኝም።

አንዳንድ ብልህ ሠሪዎች ጥያቄዋን ራሷን ሬዲዮው ውስጥ ያስቀምጧታል። እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝ፣ ጊልዌል ፓርክ ላይ ለተደረገው የወጣት አማተሮች የበጋ ካምፕ፣ ሃንስ ሰመርስ ኪውሲኤክስ የተባለ ኪት ነደፈ። ወጣቶቹ ሲሠሩት ሲበላሽባቸው መፈተሻ መሣሪያ ከየት ያመጣሉ? ሬዲዮው ውስጥ ራሱ ቮልት መለኪያ፣ የጉልበት መለኪያ፣ ድግግሞሽ ቆጣሪና መሞከሪያ ምልክት የሚያመነጭ ክፍል አስገባላቸው። ጉልበት ሰጪው ሦስት ትንንሽ ባለ ፕላስቲክ ትራንዚስተር ነው፤ ወይ ሙሉ ይከፈታሉ ወይ ሙሉ ይዘጋሉ፤ መሐል ላይ ስለማይቆዩ ብዙ አይግሉም። የሚሳሳት ሰው እንደሚኖር ከመጀመሪያው አስቦ የሚሠራ መምህር ማለት ይህ ነው።

የእኔዋ ሬዲዮ መስማቱን ሰማች፤ መላኩ ግን ገና ነበር። አንቴናን የሚተካ 50 ኦም ሬዚስተር ሰክቼ ብለካ 5 ዋት መሆን የነበረበት አንድ ተኩል ሆነ። በዚህ ጊዜ ወንድሜን አልጠራሁም። ማሰራጫው ሞገድ እስከሚያወጣበት ድረስ ደህና ነው፤ ከዚያ ወደ አንቴናው በሚወስደው ማጥሪያ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ማጥሪያው ሦስት ጥቅልል አለው፤ ሥራው ከ7 ሜጋኸርዙ ጋር አብረው የሚወጡትን 14ና 21 ሜጋኸርዝ ማስቀረት ነው፤ ያለ እሱ የሌላውን ሰው ጣቢያ እንረብሻለን። ዙሮቹን በጥርስ መፋቂያ እየነካሁ ቆጠርኩ። ሁለቱ ልክ ናቸው። መሐለኛው ላይ አንድ ዙር ትርፍ! ከውጭ በኩል ቆጥሬው ኖሯል። አንዷን ዙር ፈታሁ፤ የቀሩትን ጥቂት ፈታ ፈታ አደረግኋቸው። 4 ነጥብ 6 ዋት።

ከቤቴ በረንዳ እስከ ጓሮው ዛፍ 20 ሜትር ገደማ ሽቦ ዘርግቻለሁ፤ የ7 ሜጋኸርዙ የ40 ሜትር ሞገድ ግማሽ። እሑድ አመሻሽ ላይ የሞርሱን ቁልፍ ይዤ «ሲኪው፣ ሲኪው» ብዬ ላክሁ፤ «የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» ማለት ነው። መልስ የለም። ደገምኩ። የለም። ከወር በፊት ቢሆን እጄን አነሣ ነበር። አሁን ግን የሚያሰጋኝ ነገር አልነበረም፤ እስከ አንቴናው ድረስ እንደሚሠራ በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ። የቀረው የሰማዩና የሌላው ሰው ጉዳይ ነው። አምስተኛው ላይ አንድ ሰው መለሰ። የጥሪ ምልክቴን የመጨረሻ ፊደል አልያዘውም፤ በጥያቄ ምልክት ላከው። ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። ያዘው።

ጆርጂያ ስቴት ነው ያለው፤ ከእኔ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የላከልኝ የብርታት ቁጥር 5 ነበር። የእሱን ጉልበት ጠየቅሁት፤ እሱም ባለ 5 ዋት ነው። ሲሰናበተኝ 72 ላከ። አማተሮች ሲለያዩ የሚለዋወጡት ሰላምታ 73 ነው፤ የትንሽ ጉልበት ሰዎች ግን አንድ ቀንሰው 72 ይባባላሉ።

ሰዓቱንና ድግግሞሹን የጻፍኩበትን ደብተር ፎቶ አንሥቼ ለወንድሜ ላክሁለት። አብሬም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ እንደሚገኝ ጻፍኩለት። ጠዋት ስነሣ መልሱ ስልኬ ላይ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አምስት ኪሎ እኮ ከሱቄ በእግር ነው።»